የማኅበራዊ ኃላፊነታችን ድንኳን

ድንኳን ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ። የሰርግ ይሁን የለቅሶ፣ የባዛር ይሁን የክትባት፣ ለእኔ ልዩነት የለውም። አራት ቋሚና አንድ ሸራ ሳይ እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ማዶ ይዞኝ ይሄዳል። ባለቤቴ "ኧረ ሰው ምን ይላል?" ትለኛለች። ሰው ምን እንደሚልማ አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ቀበቶዬን ከኋላ ተይዤ፣ እጆቼ ግራና ቀኝ ተጠፍንገው በደንብ ሰምቻለሁ። አትቸኩሉ፣ እደርስበታለሁ።

የምሠራው ፍራሽ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከከተማ ወጣ ይላል፤ ዋናው ቢሮ ግን ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ አናት ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ባለጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ የመጣበትን ጉዳይ ስለሚረሳው ቅሬታ የሚባል ነገር አይደርሰንም። ባለቤቱም ሥራ አስኪያጁም አቶ ሞገስ ናቸው፤ እኛ ጋሽ ሞገስ እንላቸዋለን።

ጋሽ ሞገስ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ሞት ይፈራሉ። አዎ፣ ሁላችንም እንፈራለን፤ እሳቸው ግን በሥራ ሰዓት ጭምር ነው የሚፈሩት። የአምቡላንስ ድምፅ ሲሰሙ መስኮት ያዘጋሉ። እሳቸው ባሉበት ስለ ጡረታ አይወራም፤ ወደዚያው የሚያደርስ መንገድ ነው ይላሉ። ሠራተኛ ሐዘን ሲደርስበት በእሳቸው ፈንታ ለቅሶ የሚደርሰው ሾፌራቸው ነው። ሾፌሩ ከመልመዱ የተነሣ አራዳ ውስጥ የማያውቀው ለቅሶ ቤት የለም፤ ጫማውን የት አውልቆ የትኛው አግዳሚ ላይ እንደሚቀመጥ ሳይነገረው ያውቃል።

እኔ ያኔ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበርኩ። ለማኅበረሰቡ የምናደርገው ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል፤ ሁሉም ማለቴ ሁለት ነገር ነው። በክረምት ችግኝ እንተክላለን፤ የዘንድሮው የሚገባው ያምናው በደረቀበት ጉድጓድ ስለሆነ የመቆፈር ድካም የለብንም። በበዓል ደግሞ ለአንድ አረጋዊ አንድ ፍራሽ እንሰጣለን። ፍራሹን ስምንት ኃላፊዎች ይዘውት ፎቶ ስለሚነሡ አረጋዊው በፎቶው ላይ አይታዩም።

ታዲያ ጋሽ ሞገስ አንድ ሆቴል ውስጥ የሥራ መሪዎች ሥልጠና ተካፍለው፣ የሥልጠናውን ቦርሳ አንግተው ተመለሱ። በማግስቱ ሰበሰቡን።

"ልገሳ ቀርቷል!" አሉ። "ፍራሽ ሰጥቶ ፎቶ መነሣት የድሮ ነው። ከእንግዲህ ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን የምንወጣው ከማኅበራዊ ንግዶች ጋር አጋር ሆነን ነው።"

"ማኅበራዊ ንግድ ምንድነው ጋሼ?" አልኩ። አፌን መዝጋት አልችልም፤ ከልጅነቴ ነው።

"እየነገደ የሰው ችግር የሚፈታ ነዋ። ያተርፋል፣ ግን ለትርፉ ብሎ አይደለም።"

"እኛስ ጋሼ?"

ትንሽ አሰቡ። "እኛ ለትርፉ ብለን ነው" አሉና፣ በዚያው አፋቸው እኔን የማኅበራዊ ኃላፊነትና አጋርነት ክፍል ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ። የክፍሉ ኃላፊም ሠራተኛም ተላላኪም እኔው ነኝ። ጠረጴዛዬም ያው የድሮው፣ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ነው፤ የተለወጠው ላዩ ላይ የተቀመጠው የስም ሰሌዳ ብቻ ነው።

አጋር ፍለጋ ከዚህ ከዚያ ስዞር ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ፣ ከፈረሳው በተረፈች አንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ወይዘሮ አስካለን አገኘሁ። የትራስና የመከዳ ሠሪ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። የአራዳ ልጅ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ሲያወሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ እሳቸው መልሱን ሰጥተው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሴቶቹ የፍራሽ ፋብሪካ ቁራጭ ስፖንጅ እየገዙ፣ ከትፈው፣ ትራስና መከዳ ይሞሉበታል። ከሚያገኙት ደግሞ ባል የሞተባቸውንና ሥራ ያጡ ጎረቤቶቻቸውን ሙያ አስተምረው ያሠራሉ። ቁራጩን የሚያመጣላቸው ነጋዴ ግን ድንገት ጠፋባቸው። አንድ አዲስ ሆቴል የመከዳ ትዕዛዝ ሰጥቷቸው፣ እነሱም እሺ ብለው ቃል ገብተው፣ መስፊያ መኪናዎቹ ሥራ ፈተው ቁጭ ብለዋል።

እኛ ጋ ደግሞ ያ ቁራጭ ስፖንጅ ለቆሻሻ መኪና የምንሰጠው ነገር ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ የተመቻቸ አጋርነት የት ይገኛል? ወይዘሮ አስካለን ቢሮ ይዣቸው ወጣሁ። ጋሽ ሞገስ መላጣቸውን እየዳበሱ አዳመጡና "ጥሩ፣ እፈርማለሁ" አሉ።

ስንወርድ ወይዘሮ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። "አንተ ልጅ፣ የሆቴሉ ሥራ ካመለጠን ማኅበሩ ይበተናል። ሴቶቹን ወደየቤታችሁ በሉ ብዬ መሸኘቴ ነው። እርግጠኛ ነህ?"

"በእኔ ይጣሉት" አልኩ። ይህን ቃል ዛሬ ቢያስጠሩኝ አፌ አይከፈትም።

ችግሩ ጋሽ ሞገስ ማሽን ሊገዙ እሑድ ወደ ቻይና ይበራሉ፤ ከሄዱ ደግሞ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። የእሳቸው ፊርማ ከሌለ ከፋብሪካው በር ጥፍር የምታህል ስፖንጅ አይወጣም። ስለዚህ ቅዳሜ መፈረም አለበት። እሳቸው ደግሞ ቢሮ ውስጥ መፈረም አልፈለጉም። "ከማኅበረሰቡ መሃል ነው የምፈርመው" አሉ። "ድንኳን ይተከል። ሕዝብ ይኑር። ፎቶዬ ተለቅ ተደርጎ ይታተም።"

ፎቶውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። አፍሮ ጎፈሬ ባለበት ዘመን የተነሡት፣ ጥቁርና ነጭ ነው። "አሁን ያለው ፎቶዬ እኔን አይመስልም" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ከእሳቸው ጋር የማይመሳሰለው የድሮው ነበር። ግን ማን ደፍሮ ይናገራል።

ቅዳሜ በጠዋት ድንኳን አከራዩ ደወለ። "ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሰርገኛ ወሰደብን።" ወዴት ልሂድ? ወይዘሮ አስካለ ግቢ ሮጥኩ። እሳቸውና ሴቶቹ ለእንግዶች ድፎ እየቆረሱ ነበርና "የእድራችን ድንኳን አለ፣ ጋሽ ታዬን ጠይቅ" ብለውኝ ወደ ድፏቸው ተመለሱ።

ጋሽ ታዬ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉኝ ገና ሳያዩኝ።

"ማንም አልሞተም ጋሽ ታዬ። የአጋርነት ውል ልንፈራረም ነው።"

"ታዲያ ድንኳን ምን ያደርግላችኋል?"

"ለጥላ ነው።"

"የእኛ ድንኳን ለጥላ ወጥቶ አያውቅም። ሰፈርተኛው ሲያየው ምን ይላል?"

"ኧረ ድንኳን ድንኳን ነው!" አልኩ፣ ዲግሪዬን ሙሉ በሙሉ ተጠቅሜ።

አሰቡ፣ አሰቡና "ለነገሩ ጥሩምባ ካልተነፋ ለቅሶ የለም። ጥሩምባ ሳይሰማ ማን ይመጣል?" አሉ። እኔም "ማን ይመጣል!" አልኩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመን እርስ በርስ ራሳችንን ነቀነቅን።

የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን የተከሉበት ፍጥነት የሚገርም ነው። እኔ ወንበሩ እንደ አዳራሽ በረድፍ እንዲደረደር ነግሬያቸው ነበር፤ እነሱ ግን እጃቸው በለመደው መንገድ አግዳሚዎቹን ዙሪያውን በሸራው ጥግ ደረደሩት። ይሁን አልኩ። መሃል ላይ ጠረጴዛ አድርጌ ውሉን አኖርኩበት፤ ከጀርባው የጋሽ ሞገስን ፎቶ አቆምኩ፤ ከፎቶው ሥር አበባ አስቀመጥኩ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ሳየው በጣም አማረኝ። ከፎቶ ቤት የቀጠርኩት ፎቶ አንሺም "ያምራል" ብሎ አነሣው። ይህ ፎቶ አንሺ ምንም ነገር ምንድነው ብሎ የማይጠይቅ፣ ያየውን ሁሉ የሚያነሣ ሰው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቀስ እያሉ ገቡ። በኋላ እንደተነገረኝ እትዬ ብርቄ ይባላሉ፤ ከአምስት ኪሎ እስከ ሥላሴ እሳቸው ያልደረሱት ለቅሶ የለም። ያኔ ግን እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕዝብ መምጣት ጀምሯል።

"እንኳን ደህና መጡ እናቴ!"

"ምን ደህና አለ ልጄ" አሉ። እርጅናው ነው ብዬ አዘንኩላቸው፤ ደግፌም አስቀመጥኳቸው። ፎቶውን ትኩር ብለው አዩት።

"እኚህ ናቸው?"

"አዎ፣ እኚህ ናቸው።"

"ውይ! ልጅ ናቸው እኮ!"

"አይ፣ ፎቶው የቆየ ነው። አሁን ስልሳን አልፈዋል።"

"ቢሆንስ! ስልሳ ምን አላት? ልጆች አሏቸው?"

"አሏቸው። ሁሉም ውጭ አገር ናቸው።"

"እኔን! ሰሙ?"

"ኧረ ገና አልነገርናቸውም። ዝግጅቱ ሲያልቅ ፎቶውን እንልክላቸዋለን።"

"ደግ አደረጋችሁ። ቀስ ብሎ ነው" አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ስለ ኮሙኒኬሽን ስልት የሚያማክር ሰፈርተኛ በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሰዉ ጎረፈ። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን እያወለቁ ይገባሉ፤ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። የሚያወራ የለም። በሕይወቴ እንዲህ የሚያዳምጥ ታዳሚ አይቼ አላውቅም፤ ንግግሩ እንኳ ገና አልተጀመረም። የፋብሪካችንን በራሪ ወረቀት አደልኳቸው። አንድ ሽማግሌ ባለ ሁለት ሰው ፍራሹን ገጽ ገልጠው፣ ለረጅም ጊዜ አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው በቀስታ አጠፉት። በር ላይ ያሉት ጎረምሶች ካርታ አወጡ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ከድር ሱቁን ዘግቶ አንድ እሽግ ውሃ ተሸክሞ መጣና "አይዞህ፣ ሁላችንም የምንሄድበት ነው" አለኝ። ወደ ዘላቂ ልማት ማለቱ መሰለኝ።

ሴቶች ደግሞ ምግብ ይዘው ይመጡ ጀመር። ማንም ሳያዛቸው! ያለ በጀት! "አጋርነት ማለት ይኼ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዘወር ብለው በሐዘኔታ አዩኝ። አንዷ ንፍሮ ዘገነችልኝ። ንፍሮ የሚቀርበው የት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። ሳላስታውስ በላሁት።

ገና አፌን ሳልጠርግ እትዬ ብርቄ ብድግ አሉ። ፎቶው ፊት ቆሙና ደረታቸውን መቱ።

"ምነው ጥሩምባ እንኳ ሳይነፋልህ! ምነው እንዲህ ተደብቀህ! ወየው ወየው!"

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ለካ ይህ ሁሉ ሰው ጥሩምባ ያልሰማው ለቅሶ ስለሌለ ሳይሆን እኛ ሟቹን ቸል ብለነው መስሎት፣ አዝኖም ተቆጥቶም ነው የመጣው። ጋሽ ሞገስ ሊደርሱ ነው። የጭነት መኪና ላይ የሬሳ ሣጥን ካዩ ቀኑን ሙሉ የማይሠሩ ሰው፣ የራሳቸውን ለቅሶ ሊያዩ ነው። ያዩና ይሸሻሉ፤ ይሸሹና ቻይና ይሄዳሉ። ፊርማውም፣ ስፖንጁም፣ የሴቶቹም ማኅበር አብሮ ይሄዳል።

ጠረጴዛው አጠገብ ዘልዬ ቆምኩ። "አልሞቱም!" ብዬ ጮህኩ። "ስሙኝ! ሰውዬው አልሞቱም!"

አንዲት ሴት "ወይኔ፣ አላመነም" አለች።

"ልጃቸው ነው?"

"ልጃቸውማ ውጭ ነው። የወንድም ልጅ ይሆናል።"

"አልሞቱም እኮ ነው የምላችሁ! በሕይወት አሉ! አሁን ይመጣሉ!"

"ያዙት!" አሉ እትዬ ብርቄ። "ያዙት፣ ራሱን ይጎዳል!"

ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰፈር ነው። ሁለት ጎረምሶች ካርታቸውን ጥለው እጆቼን ግራና ቀኝ ጠፈነጉኝ፤ ከድር ቀበቶዬን ከኋላ ያዘ፤ አንዲት ሴት ውሃ ፊቴ ላይ ረጨችብኝ። በታገልኩ ቁጥር "ምን ያህል ቢወዳቸው ነው" እያሉ አጠበቁኝ። ጋሽ ታዬን በበር ሲገቡ አየኋቸውና "ጋሽ ታዬ! ንገሯቸው!" አልኩ። ጋሽ ታዬ ድንኳኑን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ንፍሮውን አዩ። "እኔ ለምሳ ስሄድ ማንም አልሞተም ነበር" አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ማልቀስ ጀመሩ።

በዚህ መሃል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ከድር በአንድ እጁ ቀበቶዬን እንደያዘ በሌላው አወጣና ጆሮዬ ላይ ለጠፈልኝ።

"አንተ!" አሉ ጋሽ ሞገስ። "መንገዱ ላይ ለቅሶ አለ። የእኛ ድንኳን የቱ ጋ ነው?"

"ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ! ይምጡና ይፈርሙ! ወደ ላይ ግን አይመልከቱ!"

"የምን ጩኸት ነው? ለምንድነው የምታለቅሰው?"

ከድር ስልኩን ወሰደው። "ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ልጁ በጣም ተጎድቷል። ቅርብ ከሆንክ ብቅ በልና አጽናናው" አለና ዘጋው።

ጋሽ ሞገስ በኋላ እንደነገሩኝ፣ እናቴ የሞተችብኝ ነው የመሰላቸው። (እናቴ ይኸው ደህና ናት፤ ይህን ስነግራት ለሳምንት አኮረፈችኝ።) ከመኪና ሳይወርዱ አልፈው መሄድ ፈልገው ነበር። ነገር ግን ሾፌራቸው ድንኳኑን ሲያይ እንደ ልማዱ መኪናዋን ጥግ አስይዞ፣ ወርዶ፣ ገብቶ፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፍቷል። ሰፈርተኛው መኪና ውስጥ የቀሩትን ሰውዬ ማየት ጀመረ። ሰው እያየ ለቅሶ ቤት በር ላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ ጋሽ ሞገስም አልቻሉም። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አወረዱ፤ ጥቁር መነጽር አደረጉ፤ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ገብተው በሩ አጠገብ፣ እትዬ ብርቄ ጎን ተቀመጡ።

እኔ ከተጠፈነግኩበት ሆኜ አየኋቸው። ፎቶው ደግሞ እዚያው ፊት ለፊታቸው ነው። አንድ ጊዜ ቀና ካሉ አበቃ።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ ዝግ ብለው።

"አንድ ደግ ሰው ናቸው፤ የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት" አሉ እትዬ ብርቄ። "ድሃ መሬት ላይ ተኝቶ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር አሉ።"

"ያውቋቸው ነበር?"

"ለማወቅ አልታደልኩም። ግን ደግ ነበሩ" አሉና፣ ሥላሴ ሌላ ቀብር ስላለባቸው ተነሥተው ሄዱ።

ጋሽ ሞገስ ያንን ሲሰሙ ሌላ የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት፣ ተወዳዳሪያቸው የሞተ መሰላቸው። ዓይናቸው ከመሬት አልተነሣም። ግን ጆሯቸው ቆመ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ለቅሶውን ሰምተው እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። የተያዝኩትን እኔን አዩ። ፎቶውን አዩ። በሩ ጋ ያሉትን ሰውዬ አዩ፤ ቢሮ አግኝተዋቸው ስለነበር በባርኔጣም ቢሆን አልጠፏቸውም። እኔን መልሰው አዩኝ። "ወይዘሮ አስካለ፣ ፊርማው!" አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሳይቸኩሉ ሄደው ፎቶው ፊት ቆሙ፤ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ጋረዱት፤ ከዚያ ሙሾ አወረዱ።

*የስንቱን ሰው ጎን አሳርፎ የኖረ፣*
*ፊርማ ሊያኖርልን ነበር እኮ፣ ቀረ!*

ድንኳኑ "ወይኔ!" አለ። ጋሽ ሞገስ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ወይዘሮ አስካለ ቀጠሉ።

*ቁራጩን በነጻ ስጧቸው ያለ ሰው፣*
*በራሱ አይሱዙ ጭኖ ሊያደርሰው!*

አይሱዙ? ውሉ ላይ አይሱዙ የለም! ሴቶቹ ራሳቸው በጋሪ ሊወስዱት ነበር የተስማማነው። ጋሽ ሞገስም ግራ የተጋቡ መሰለኝ፤ "ማመላለሻውንም?" ብለው ሾፌራቸውን ሲጠይቁት ከንፈራቸውን አነበብኩ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ገና መሞቃቸው ነበር።

*መስፊያ መኪናችን አርጅታ ብታቃስት፣*
*አንድ ስንለው ልግዛ ያለን ሦስት!*

ሰዉ ደረቱን ደቃ። "እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚሞተው!" አለ ከድር፤ በስሜት ቀበቶዬን ሲስበው ትንፋሽ አጠረኝ። ጋሽ ሞገስ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ግማሹ ሐዘን ይሆናል። የቀረውን ግን አውቀዋለሁ፤ ጨረታ በጠባብ ልዩነት ስንሸነፍም እንደዚያው ይቀላል።

ብድግ አሉ።

"ወገኖቼ!" አሉ ወደ ጠረጴዛው እየተጠጉ፣ አሁንም መሬት መሬት እያዩ። "ሟቹን ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው የጀመሩትን እኔ እፈጽማለሁ። ስፖንጁም በነጻ፣ አይሱዙውም፣ መስፊያ መኪናውም... አራት ይሁን!"

አራቱን ማን ጠየቃቸው? ሞቶም ቢሆን ተወዳዳሪ እንዲበልጣቸው አይፈቅዱም።

ወይዘሮ አስካለ አንድ እጃቸው ነጠላውን እንደዘረጋ፣ በሌላው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ውል ገፋ አደረጉላቸው። ጋሽ ሞገስ የተባሉትን ሁሉ በእጃቸው ጨማምረው ፈረሙ። ወይዘሮ አስካለ ፊርማውን አዩ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት፣ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ነጠላቸውን አወረዱ።

ጋሽ ሞገስ ቀና አሉ። ከድሮው ጎፈሬያቸው ጋር ተያዩ። አበባውንም አዩ። ባርኔጣቸው ከራሳቸው ወደቀ።

መጀመሪያ የገባት ያቺ ውሃ የረጨችብኝ ሴት ነበረች። "በስመ አብ!" ብላ የቀረውን ውሃ በሙሉ እሳቸው ላይ ደፋችው። ግማሹ ሰው ወደ በር ሮጠ፤ ግማሹ እልል አለ። ጋሽ ታዬ "እኔ እኮ ብያለሁ ማንም አልሞተም!" እያሉ ዞሩ። እኔን ግን ማንም አልለቀቀኝም፤ ደስታም ራስን ያስጎዳል ብለው ነው መሰለኝ።

ጋሽ ሞገስ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አለቀልኝ ብዬ ጠበቅሁ። ንፍሮውንና ድፎውን አዩ፣ የተዘጋውን የከድርን ሱቅ አዩ፣ ዓይናቸው ያበጠውን ሰዎች አዩ።

"ይኼ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ሳያውቁኝ?"

"ሳያውቁዎት።"

እውነቱን ልናገር፣ የእኛ ቢሮ ሰዎች ቢሆኑ መጀመሪያ የአበል ጥያቄ ያቀርቡ ነበር። ጋሽ ሞገስ ወደ ጋሽ ታዬ ዞር አሉ። "ይሄ እድር አዲስ አባል ይቀበላል?" አሏቸው። ጋሽ ታዬም "በሕይወት ያለ ከሆነ" አሉ።

የዓመቱ መጽሔታችን ላይ የወጣው ፎቶ ያ ፎቶ አንሺ ያነሣው ነው። ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። ሥሩ "የማኅበረሰቡ አባላት በደስታ ሲያነቡ" የሚል አለ። ጥግ ላይ እኔ በሦስት ሰው ተይዣለሁ። "የክፍሉ ኃላፊ ስሜታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው" ይላል። መጽሔቱን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ የማማው የለኝም።

ሴቶቹ የሆቴሉን መከዳ በጊዜው አደረሱ። አይሱዙውም በየሳምንቱ ይመጣል። በቀደም ከወይዘሮ አስካለ ጋር ግቢው በር ላይ ቁራጩን ስናስወርድ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ አንዱ ለቅሶ ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ በረታህ?"

"ደህና ነኝ እናቴ።"

"ይኼ ሁሉ ስፖንጅ የማነው?"

"የጋሽ ሞገስ ነው፤ የባለ ፍራሹ። ሳያቋርጡ ለሴቶቹ ይልካሉ።"

"ነፍሳቸውን ይማር!" አሉ ወደ ሰማይ እያዩ። "ሞተውም አላቋረጡም!"

"ኧረ እናቴ፣ እሳቸው እኮ አልሞቱም። አሁን ቢሮ ናቸው።"

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ሐዘኔታ እናቴ ላይ እንኳ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወደ ወይዘሮ አስካለ ጠጋ አሉና እኔ እንዳልሰማ መስሏቸው በጆሯቸው ሹክ አሉ።

"ምስኪን! እስካሁን አልነገራችሁትም?"

ወይዘሮ አስካለ ፊታቸው ቅንጣት ሳይነቃነቅ አንገታቸውን ደፉ።

"ቀስ ብለን ነው እትዬ" አሉ።